የአበል ፊርማ

ታኅሣሥ ነው፤ ደብረ ብርሃን ውርጭ ሣር ላይ አንጥፋ፣
ቆማ ጠበቀችኝ እጆቿን አጣጥፋ።
እኔ አሠልጣኝ ነኝ፣ ከሸገር የመጣሁ፣
ቦርሳ ሙሉ ስላይድ እንደ ዝናር የታጠቅሁ፤
መቶ አሥራ አራት ገጽ፣ ቀስት በቀስት ሆኖ፣
“የሥራ ላይ ደኅንነት” በሚል ተከድኖ።

የብርድ ልብስ ፋብሪካው ክበብ ነው ክፍላችን፣
የሽንኩርት ቁሌት ነው ቀድሞ የሚቀበለን።
አርባ ሠራተኛ፣ ካፖርት የደረበ፣
ከኋላ ወንበር ላይ የተሰበሰበ፣
የፊቱን ሦስት ረድፍ ለእኔ ያስረከበ።

“አንቀጽ አንድ” አልኩኝ፤ “አንቀጽ ሁለት” አልኩኝ፤
“ጥያቄ አለ?” ብል ዝም ብለው አዩኝ።
አንዱ አንኮራፋ፤ ጓደኛው ጎሸመው፤
“ልክ ነው!” አለ ነቅቶ፣ ምኑ እንደሆን ሳያውቀው።
የሻይ ሰዓት ሲደርስ አዳራሹ ነቃ፤
ሳምቡሳው ሲያልቅ ግን ሁሉም ነገር አበቃ።

እንዲህ ሁለት ቀን ሄደ።
ማታ አልጋ ቤቴ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ
(እዚያው የተሠራ፣ የስንት ሰው ጣት የነካው፤
ያኔ ግን አላሰብኩም)
ፊደሉን አጎላሁ፣ ቀለም ቀያየርኩ፣
“ምናልባት ሥዕል ነው የጎደለው” አልኩ።

በሦስተኛው ቀን፣ “የማሽን ክዳን” ላይ ስደርስ፣
ከመፍተያ ክፍል ወርቅያንጥፉ ተነሣች፣
ከወንበር ወንበር አልፋ ፊቴ መጥታ ቆመች፤
“እህቴ፣ ሦስት ቀን ክዳን ክዳን ስትዪ፣
ክዳን ያጣው ማሽን የበላውን እዪ”
ብላ ቀኝ እጇን ዘረጋች።
ጠቋሚ ጣት የላትም፤ መሐሉም እስከ አንጓ ነው።
ከጀርባዬ ቀስቴ፣ ግድግዳው ላይ ቆሞ፣
አሁንም ይጠቁማል።

“ነይ፣ አንቺ አስተምሪ” አልኳት፣ አፍሬ።
“ማስተማር አላውቅም፤ ክር ግን አለኝ” አለች፣
ከኪሷ የሱፍ ድውር እየጎተተች።
“ቀኝ እጅ ሁላችሁ! ጠቋሚና መሐል፣
አጥብቃችሁ እሰሩ፤ የላላ ይደገማል።
አሠልጣኟም አትቀር!”
አሰረችኝ።

“በሉ ካፖርታችሁን አውልቁና ልበሱ፤
ቁልፉን ሳትቆልፉ ወንበር እንዳትመለሱ።”
ሳቅ ሆነ መጀመሪያ። አርባ ሰው ሲታገል፣
አንድ ቁልፍ ከአንድ ቀዳዳ አልገናኝ ሲል፣
ክብሪት የሚጭር፣ ሻሿን የምታስር፣
“ጉርሻስ በምን ልንጎራረስ ነው?” የሚል።
ኋላ ግን ሳቁ ሳሳ።
ሊያገባ ሁለት ሳምንት የቀረው ጎረምሳ
ጣቶቹን አየና አንገቱን ደፋ።

ከዚያ ማን ይችላቸው!
“የሦስት ቁጥር ማሽን ክዳኑ የታለ?”
“ለጥገና ወልቆ በዚያው ቀረ።” “ማን አለ?”
“የፈረቃ ሹሙ ነዋ፣ ምርት ይዘገያል ያለ!”
የፈረቃ ሹሙ ሳለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣
መስኮት መስኮቱን እያየ የሚለው ፈለገ።
የኔ ላፕቶፕ ተኝቷል፤ የተኛ እሱ ብቻ።

አመሻሽ ላይ መጣ፣ በብርድ ተኮራምቶ፣
የሒሳቡ ጥላዬ፣ የአበል ቅጹን ሞልቶ።
ክሩን ማንም አልፈታ። ሁሉም እንደታሰረ
ፈርሞ፣ ወረቀቱን እንደ ዶሮ ጫረ።
“ይሄማ ከፋይሉ ጋር በፍጹም አይገጥምም፤
ኦዲት አለብኝ እኔ፤ በዚህ አልከፍልም!”
ወርቅያንጥፉ ቀስ ብላ፣
“ጥላዬ” አለችው፣ “ያን ጊዜም እንዲህ ነው ያልከኝ፤
ከሆስፒታል ወጥቼ ደሞዜን ስጠይቅህ፣
ፊርማሽ ተለውጧል ብለህ ሁለት ወር የመለስከኝ።”
ዝም።
ጥላዬ ብዕሩን ከደነ። ከፈተ። ከደነ።
“ክሩ... ተርፏል?” አለ።

አውቶቡሱ ሸኖን ሲያልፍ ክሩን አልፈታሁም።
ለድርጅቴ የምልከው ቅጽ ጭኔ ላይ አለ፤
“የሠልጣኞች ተሳትፎ በመቶኛ” ይላል፣
“የተገኘ ውጤት”፣ ከሥሩ ሁለት መስመር።
መቶኛውን ዘለልኩ።
በተጣመመ ፊደል፣ እየተንገዳገድኩ ጻፍኩ፦
የሦስት ቁጥር ማሽን ክዳን የለውም።